የሌበር ዴይ ጉዞ ወደ ኦበርን፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርመው

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የወጣቶች ጉዞ ሐሳብ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። እስካሁን የጻፍኩት ይኼ ነው፦ «በሌበር ዴይ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን እዚሁ ኢንዲያና ውስጥ ወዳለችው ኦበርን ከተማ እንሄዳለን። በ1930 እ.ኤ.አ. ለኦበርን አውቶሞቢል ዋና መሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራውንና ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ሕንፃ እናያለን፤ ከተማው መሐል የሚደረገው የጥንት መኪኖች ሰልፍ ላይም እንደርሳለን።» ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ለእንቁጣጣሽ ምን ቀረን? የአዳራሹ ቀብድ እንኳ ገና አልተከፈለም። የሀብታም መኪና ለማየት ሁለት ሰዓት መንገድ?

አባል (ባለ ጋራዡ)፦ እትዬ፣ የሀብታም መሆኗን አልክድም። እዚያ የምናያት ጥንታዊ መኪና፣ ዱዘንበርግ ሞዴል ጄ፣ ለገበያ ስትወጣ ሻንሲው (ቦዲው የሚቀመጥበት የብረት አጽም) እና ሞተሩ ብቻ 8,500 ዶላር ነበር፤ ቦዲው ለብቻው ይከፈላል። ያኔ አዲስ ፎርድ ሞዴል ኤ ከ500 ዶላር ባነሰ ይገኝ ነበር። እስከ 1937 የተሠሩት ጄዎች ተደምረው 500 አይሞሉም። ነገር ግን የተሠራችው እዚሁ እኛ ከተማ፣ ኢንዲያናፖሊስ ነው። የመኪናው ስም የወጣላቸው ወንድማማቾች፣ ፍሬድና ኦገስት ዱዘንበርግ፣ እንደኛው ከውጭ የመጡ ናቸው፣ የተወለዱት ጀርመን። መኪናቸው እዚሁ ከተማችን የሚደረገውን የኢንዲ 500 የመኪና ውድድር በ1924፣ በ1925 እና በ1927 አሸንፋለች። ልጆቻችን ፋብሪካው በነበረበት በዌስት ዋሽንግተን ጎዳና እያለፉ ይኼን የነገራቸው የለም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጉልበቷ ስንት ነው» ብለው ነው።

ባለ ጋራዡ፦ ፋብሪካው 265 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነው በ1928 መጨረሻ ለገበያ ያቀረባት። በአንድ መስመር የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ። እኔን ግን የሚገርመኝ ዳሽቦርዱ ነው። በየ700 ማይሉ «ዘይት ቀይር» የምትል መብራት ትበራለች፤ በየ1,400 ማይሉ ደግሞ «ባትሪውን እይ» የምትል ሌላ። የኔ ደንበኞች የቼክ ኢንጂን መብራቱን በፕላስተር ሸፍነው ነው የሚመጡት!

ጸሐፊ፦ እሺ ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ «የታደሰች ጥንታዊ ክፍት መኪና» ብል ይበቃል?

ባለ ጋራዡ፦ አይበቃም፣ «የታደሰች» የሚለው ቃል ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ያኔ ገዢው ሻንሲውን ይገዛና ቦዲውን ሌላ ቤት ያሠራል። ለጄ ብዙ ቦዲ የሠራው ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና የነበረው መርፊ ነው። የመርፊ ጣራ ሲታጠፍ ከወንበሩ ኋላ ካለው የብረት ክዳን ሥር ይገባና ድራሹ ይጠፋል፤ ሸራ ያላት አትመስልም። መኪኖቹ ሲያረጁ ግን የአንዷ ቦዲ እየተነቀለ ሌላዋ ላይ ተጭኗል፣ የሶማሌ ተራ ሥራ በሉት። ስለዚህ አስጎብኚውን መጀመሪያ የምንጠይቀው፦ ሞተሩ፣ ሻንሲውና ቦዲው ከጥንት ጀምሮ አብረው ነበሩ?

ሁለተኛ፣ በሩን እንይ። ከላሜራው ሥር የእንጨት አጽም አለ። እንጨቱ ከበሰበሰ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም በሩ ገጥሞ አይዘጋም። በበሩ ዙሪያ ያለችው ቀጭን ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነች ባለሙያ ነክቶታል። እዚህ ሰፋ እዚያ ጠበብ ካለች፣ ስቱኮ ነው። ልጆቹ በዓይን ይለኩ፤ በእጅ መንካት ክልክል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንበሩንስ? አባቴ ነፍሱን ይማረውና ሥራው የመኪና ወንበር ቆዳ መስፋት ነበር። ክሩ ከቆዳው ጋር መስማማቱን ሳያይ የሰው መኪና ውስጥ አይገባም ነበር። ስለ ስፌቱም ጠይቁልኝ።

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ ተስማሙ ማለት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ በሁለት ነገር። አውቶቡስ አንከራይም፣ ቫን ያለው ይዞ ይምጣ። ምሳ ከቤት ይሁን፤ ፍልሰታ ተፈቷል፣ ዶሮም ይሁን ምንቸት አብሽ እንደየአቅማችን።

የወጣቶች ተወካይ፦ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገን አንድ አንድ ጥያቄ እንስጣቸው። አንዱ ጥንድ ሞተሩን፣ አንዱ በሩን፣ አንዱ የእትዬን ስፌት። ሲመለሱ ለወላጆች በአማርኛ ይንገሩ።

ጸሐፊ፦ ገባ። የታረመው፦ «በኢንዲያናፖሊስ የተሠራችውን ዱዘንበርግ ሞዴል ጄ ለማየት በሌበር ዴይ ቅዳሜ ወደ ኦበርን እንሄዳለን። ልጆች ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቦዲውና ስለ ወንበሩ ጠይቀው በአማርኛ ያስረዳሉ። መጓጓዣ በአባላት ቫን፣ ምሳ ከቤት።» የሚቃወም አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ የለም። ቫን ያላችሁ እስከ ዓርብ ስማችሁን ላኩልኝ። ወንድሜ ባለ ጋራዡ፣ ያንተ ቫን የቼክ ኢንጂን መብራት ጠፍቷል ወይስ ፕላስተር ነው?

ባለ ጋራዡ፦ ፕላስተር ነው። ከቅዳሜ በፊት አየዋለሁ።