የተፈጥሮ ጋዝን ወደ ናፍጣ የሚለውጡ ኩባንያዎች እነማን ናቸው? የካሉብ ጋዝስ ለዚህ ይሆናል?

ጠያቂ፦ የኬሚስትሪ መምህር፣ ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። ባለፈው ሳምንት ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) ባለ አንድ ካርቦን መሆኑን፣ በናፍጣ ውስጥ ግን ከ10 እስከ 20 የሚደርሱ ካርቦኖች ተያይዘው እንደሚገኙ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ታዲያ ትንንሾቹን ቀጣጥሎ ናፍጣ ማድረግ አይቻልም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አባቷ በመተማ መስመር የጭነት መኪና የሚያሽከረክር በመሆኑ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ማደርን ከቤቷ ታውቀዋለች። እንደሚቻል ነገርኳት፤ ማን እንደሚሠራውና በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ ለዚህ ይሆን እንደሆነ ግን አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ምላሽ፦ የጎንደር ልጅ፣ ኬሚካል መሐንዲስ

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ የተባሉ ጀርመናውያን በ1920ዎቹ የመለሱትን ጥያቄ ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ሚቴን በከፍተኛ ሙቀት ከኦክስጅን ወይም ከእንፋሎት ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሆናል፤ ይህ ድብልቅ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት በኮባልት ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥን ነገር) ላይ ሲያልፍ ካርቦኖቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ሰም ይሆናሉ፤ ሰሙ ደግሞ በሃይድሮጅን ተሰባብሮ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ይወጣዋል።

ዋናው ፈተና ሙቀቱን ማስወገድ ነው። የካርቦኖቹ መያያዝ ራሱ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ካልቀዘቀዘ ካታሊስቱ ይበላሻል፣ ምርቱም ወደ ሚቴን ያደላል። በኳታር የሚገኘው የሼል ፐርል ፋብሪካ 24 ሪአክተሮች (ይህ ለውጥ የሚካሄድባቸው ግዙፍ ጋኖች) ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ 1,200 ቶን ይመዝናል፤ በውስጡም 29,000 ቱቦዎች አሉት። ይህ ሁሉ ቱቦ የተደረደረው በአብዛኛው ሙቀትን ለማሸሽ መሆኑን ለተማሪዎ ቢነግሯት ደስ ይለኛል።

የደቡብ አፍሪካው ሳሶል በድንጋይ ከሰል ጀምሮ ጋዝንም የጨመረ ሲሆን፣ በኳታር ኦሪክስ የተባለውን ፋብሪካ ከኳታር ፔትሮሊየም ጋር ሠርቷል። ሼል ከፐርል በፊት በ1993 በማሌዥያ ቢንቱሉ ጀምሯል። በአህጉራችን ደግሞ የአሜሪካው ሼቭሮን ከናይጄሪያ መንግሥት ኩባንያ ጋር በኤስክራቮስ የገነባው ፋብሪካ አለ።

ምላሽ፦ የፕሮጀክት ገምጋሚ

ኬሚስትሪው ተፈትቷል፤ ያልተፈታው ወጪው ነው። ፐርል በቀን 140,000 በርሜል እንዲያመርት ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ኤስክራቮስ ከታቀደው ብዙ እጥፍ ወጥቶበታል። ሼል ራሱ በአውሮፓውያኑ 2013 መጨረሻ በአሜሪካ ሉዊዚያና ሊሠራ ያሰበውን ተመሳሳይ ፋብሪካ በወጪው ምክንያት ትቶታል። አንድ በርሜል ለማግኘት ወደ 10,000 ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ ያስፈልጋል፤ በእኛ መለኪያ ለአንድ ሊትር ወደ 2 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ጋዙ እጅግ ርካሽ፣ ነዳጁ ደግሞ ውድ ካልሆነ ሒሳቡ አይወጣም።

ስለዚህም እንደ ቬሎሲስ ያሉ አነስተኛ ኩባንያዎች በነዳጅ ጉድጓድ አፍ ላይ በከንቱ ለሚቃጠለው ጋዝ የሚሆኑ ጥቃቅን ቦይ ያላቸው ትንንሽ ሪአክተሮችን ሲያዳብሩ ቆይተዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ በዚሁ ቴክኖሎጂ በአውሮፓውያኑ 2017 ሥራ የጀመረው ፋብሪካ በዓመቱ ቆሟል።

ወደ ካሉብ ስንመለስ፣ ጋዙ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ጋዙን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ፋብሪካም በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያ ጋዙ ሚቴንነቱን ሳይለቅ በቅዝቃዜ ፈሳሽ ስለሚሆን ከናፍጣ ጋር መምታታት የለበትም። እኔን ብትጠይቁኝ ጋዙን ከናፍጣ ይልቅ ለዩሪያ አስቀድመዋለሁ፤ የደምቢያ ገበሬ ማዳበሪያ ሲዘገይበት የሚያጣው የዓመት ጉሮሮውን ነውና።

ምላሽ፦ የአዘዞ መካኒክ

ወንድሞቼ፣ ትምህርታችሁ ጠቅሞኛል። በየቀኑ የምፈታው ኢንጀክተር ጫፉ ጥላሸት ለብሶ ነው የሚመጣው። ይህ ከጋዝ የሚሠራ ናፍጣ በያዝናቸው አሮጌ ሞተሮች ላይ ያለ ለውጥ ይሠራል?

ምላሽ፦ የጎንደር ልጅ፣ ኬሚካል መሐንዲስ

አዎን፣ ይሠራል። እንደ ውኃ የጠራ፣ ድኝ የሌለበት ለማለት የሚያስደፍር፣ የሲቴን ቁጥሩም (በሞተር ውስጥ ቶሎ የመቀጣጠል መለኪያው) ከ70 በላይ የሆነ ነዳጅ ስለሆነ ጥላሸቱ ይቀንስልዎታል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። በተለመደው ናፍጣ ውስጥ የሚገኙት ተፈጥሯዊ ማለስለሻዎች ስለሌሉት፣ ማለስለሻ ካልተጨመረበት ፓምፑን ይበላል። አሮማቲክ ውሕዶችም (ካርቦኖቻቸው በቀለበት የተያያዙ) ስለሌሉት፣ በተለመደው ናፍጣ ለዓመታት አብጠው የኖሩ የጎማ ጋስኬቶች ሊኮማተሩና ሊያንጠባጥቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ በአሮጌ ሞተር ላይ መጀመሪያ የፓምፑን ጎማዎች መቀየር ይበጃል።