«ኦራ ፕሮ ኖቢስ» ማለት «ማረን» ነው?

— ሰላም ለሁላችሁ። ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ካርዲናሎቹ የሮማውን ጳጳስ ሊመርጡ ወደ ሲስቲን ጸሎት ቤት ሲገቡ በቴሌቪዥን አየሁ። የቅዱስ ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ «ኦራ ፕሮ ኖቢስ» ብለው ይቀበላሉ። ጓደኛዬ «ማረን ማለት ነው» አለኝ። ልክ ነው?

— አይደለም ወንድሜ። «ማረን» በላቲን «ሚዜሬሬ ኖቢስ» ነው። እሱም በዚያው አንዱ ሲጠራ ሌሎቹ በሚቀበሉት ጸሎት፣ በሊጣንያው ውስጥ አለ፤ የሚባለው ግን ለአምላክ ብቻ ነው። ወደ ቅዱሳኑ ሲዞሩ ግሱ ይቀየራል። ይህን ልዩነት በቀላሉ አትዩት፤ ጸሎቱ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ምሕረት ከአንዱ፣ ምልጃ ከሌሎቹ።

«ኦራ ፕሮ ኖቢስ» ቃል በቃል «ስለ እኛ ለምን» ነው። «ኦራ» ለምን (ለመነ ከሚለው)፣ «ፕሮ» ስለ፣ «ኖቢስ» እኛ። አማርኛችን ግን ሦስቱን ቃል በአንድ ይጨርሰዋል፦ «ለምኚልን»። መሐል ላይ ያለችውን «ል» እዩዋት። «ፕሮ» ማለት እሷ ናት! በ«ብ» ብትቀይሯት፣ «ጸለየብን» ብትሉ፣ ነገሩ ተገልብጦ እርግማን ይሆናል።

«ጸልይ» ቢባልስ? ስሕተት አይደለም። እኔ ግን «ለምን» ይሻለኛል። «ኦራሬ» በጥንቱ ላቲን መናገር፣ መማጸንም ነበር፤ «ኦራቶር»፣ አንደበተ ርቱዕ ተናጋሪ፣ የመጣው ከዚሁ ነው። ግእዛችንም ይህንኑ መንገድ ይዟል። አያቴ ውዳሴ ማርያም ስትደግም «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ ይል ነበር፤ እኔም ከጎኗ ሆኜ የማውቀው ይህችኑ ሐረግ ብቻ ስለነበር አብሬያት እል ነበር። «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ለነ» ለእኛ። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፤ «ሰአሊ» የሚባለው ለሴት ነው፣ ለወንድ «ሰአል» ይሆናል። «ኦራ» ግን ወንድና ሴት አይለይም። ስለዚህ ስትተረጉሙ ከፊቱ የተጠራውን ስም ተመልከቱ፤ ጴጥሮስ ከሆነ «ለምንልን»፣ ማርያም ከሆነች «ለምኚልን»።

— እግዜር ይስጥልኝ። አንዳንዴ «ኦራቴ» ሲሉም ሰምቻለሁ። አንቱታ ይሆን?

— አይደለም፣ ብዙ ቁጥር ነው። ቅዱሳን በአንድነት ሲጠሩ «ኦራቴ ፕሮ ኖቢስ» ይባላል። እኛ «ለምኑልን» ስንሰማ አክብሮት ሊመስለን ይችላል። ላቲኑ ግን ማርያምን «ኦራ» ነው የሚላት፣ እንደ አንድ ሰው። እኛም በጸሎት አንቱ አንላትም፤ አንቺ ነው የምንላት።