ዳገት ላይ መነሳት ለሚያስጨንቃችሁ፦ ማሰልጠኛና መኪና አመራረጥ

መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ነው? ከምዝገባ በፊት የዘንድሮውን የፈተና ደንብ ጠይቁ። አምና ያለፈ ጓደኛ የሚነግራችሁ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ስታቀል ዳገት ላይ መነሳትን ከፈተናው አስቀረችው። በ2016 መጨረሻ ግን መለሰችው። አሁን እዚያ ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ 1 ሜትር ወደ ኋላ የተንሸራተተ ተፈታኝ ወዲያው ይወድቃል።

ማሰልጠኛን በተመለከተ፣ እኔ በመጀመሪያ የተማርኩት ሜዳ ላይ ብቻ ነበር። ማቆም፣ መዞር፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ሁሉንም ቻልኩ። መንገድ ወጥቼ ዳገት ላይ ስቆም ግን እግሬን ከፍሬን ወደ ነዳጅ እስካዞር መኪናው ሸሸ። በስፖኪዮ ከኋላዬ ያለው መኪና እየቀረበ ሲመጣ አየሁ። እጄ መሪው ላይ ደረቀ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ቢወደድም እውነተኛ ዳገት ላይ የሚያለማምዳችሁን ምረጡ። ሲሙሌተር (መንዳትን በስክሪን የሚያለማምድ መሣሪያ) ቅደም ተከተሉን ያስይዛል፣ የመኪናውን ክብደት ግን እግራችሁ አያውቀውም።

ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ? አውቶማቲክ ይቀላል፣ ፍሪሲዮን (ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል) የለውም። ነገር ግን በብዙ አገር በአውቶማቲክ የተፈተነ ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም። ጀርመን ከ2021 ጀምሮ ይህን አላልታለች፦ በአውቶማቲክ የሚፈተን ሰው በማንዋል ቢያንስ 10 ትምህርት ወስዶ፣ ማሰልጠኛው ችሎታውን ካረጋገጠለት ሁለቱንም ይነዳል። የእናንተ አገር ደንብ ምን እንደሚል አጣሩ። ወደፊት ማንዋል መንዳታችሁ ካልቀረ ግን ከወዲሁ በማንዋል ተማሩ።

የእጅ ፍሬኑም ለውጥ አለው። ለጀማሪ የምመርጠው በእጅ የሚሳበውን ነው፤ ቀስ ብላችሁ መልቀቅ ትችላላችሁ። ዳገት ላይ ራሱ የሚይዝ ሲስተም ያለው መኪናም ጥሩ ነው። ፍሬኑን ከለቀቃችሁ በኋላ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ይይዝላችኋል። በእሱ ተለማምዳችሁ ሌላ መኪና ላይ ከተፈተናችሁ ግን ጉድ ይፈላል።

እኔን ያዳነኝ ሁለተኛው አሰልጣኜ ነው። «ጆሮህን ስጠው» አለኝ። የእጅ ፍሬን ተስቧል፣ አንደኛ ማርሽ ገብቷል፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጠሁ። ፍሪሲዮኑን በዝግታ ስለቅ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ፣ አፍንጫው ከፍ አለ። «እዚያው ያዝ!» እግሬን ሳላንቀሳቅስ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። መኪናው ሳይሸሽ ወደ ፊት ሄደ። በዚያን ቀን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምነው።

ስትመዘገቡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ዳገት ላይ ስንት ሰዓት ትሰጡኛላችሁ? የምፈተነውስ በዚሁ መኪና ነው?» መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ ሞክሩ።