አዲስ የፕሮግራም ኃላፊ ሊመጣብን ነው፣ አብራችሁት የሰራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ

የጠዋት አቅራቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሬድዮ ቤት የሰራ ሰው ቶሎ የሚገባው ጥያቄ ነው ያለኝ። የኛ ጣቢያ የፕሮግራም ኃላፊ ለቀቀና በቦታው በሙያው ውስጥ በደንብ የሚታወቅ ሰው ሊመጣ ነው፣ ስሙን አልጠራም እናንተም እባካችሁ አትጥሩት፣ አብራችሁት የሰራችሁ ከምናገረው ትለዩታላችሁ። አድማጭ የራቀውን የሙዚቃ ጣቢያ ተረክቦ ብዙ ሳይቆይ ከፊት ካሉት ተርታ ያሰለፈው፣ ፕሌይሊስቱን፣ ጣቢያው የሚያጫውታቸውን ዘፈኖች ዝርዝር፣ ቆራርጦ ያሳጠረው፣ እያንዳንዱን አቅራቢ አስቀምጦ የራሱን ቀረፃ የሚያስደምጠው ሰውዬ ነው።

ግራ የገባኝ የድሮ ባልደረቦቹን ስጠይቅ የሁለት የተለያዩ ሰዎች ታሪክ ነው የሚነግሩኝ። አንዷ ሰው ያደረገኝ እሱ ነው ብላ እንባ እየተናነቃት ነው ያወራችኝ፣ ሌላው ደግሞ ስሙን ሳነሳበት ስልኩን ሊዘጋብኝ ምንም አልቀረውም። ሬድዮ ያውቃል ወይ በሚለው ማንም አይከራከርም፣ የሚጠላውም ያውቃል ነው የሚለው። እኔ የቸገረኝ ሰው እንዴት ይመራል የሚለው ነው። ነገር ሲበላሽ ማን ላይ ነው የሚጮኸው? ከበላይ ጫና ሲመጣ ከታች ላለው ይቆማል ወይስ እንዳለ ያወርደዋል? ቡድናችን ውስጥ ገና ማይክ የጨበጡ ልጆች አሉ፣ እኔ ነኝ ያስገባኋቸው፣ ስለነሱ ያሳስበኛል። የሰማችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ንገሩኝ።

የከሰዓት ድምፅ፦

አውቀዋለሁ፣ ለዓመታት አብሬው ሰርቻለሁ። በዚህ ሙያ የቆየሁት በሱ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ወደሱ እንደማደላ አውቀህ አንብበው።

ያቺን ቀረፃ ማስደመጥ የምትላትን ነገር ላስረዳህ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስሟን ሲሰማ ይሸበራል። ኤርቼክ ይላታል። ስቱዲዮ ውስጥ ማይኩ ሲከፈት ብቻ የሚቀዳ ማሽን አለ፣ ሙዚቃው የለም ማስታወቂያው የለም፣ አንተ ያወራኸው ብቻ ተቀጣጥሎ ይመጣል። ትንሿን የኤዲቲንግ ክፍል ዘግቶ ሁለታችሁ ብቻ ትቀመጣላችሁ። የመጀመሪያዬ ቀን ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ አቆመውና ማንን ነው የምታናግሪው አለኝ። አድማጮቼን አልኩት። አይ፣ አንድ ሰው ንገሪኝ፣ የት ናት፣ ምን እየሰራች ነው፣ ሬድዮው ከሷ ምን ያህል ይርቃል አለኝ። መልስ አጣሁ። እንደገና ከፈተው። ስሰማው እውነትም ማንንም አላናግርም ነበር፣ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ንግግር የማደርግ ነው የሚመስለው። ውድ አድማጮቻችን ማለት የተውኩት ከዛ ቀን በኋላ ነው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ያለኝንም ለሌላ ሰው ሲያወራው አልሰማሁም።

ነገር ሲበላሽ ላልከው ደግሞ አንዱን ልንገርህ። ቀጥታ ስርጭት ላይ እንግዳዬ በስልክ እያወራ መስመሩ ተቆረጠ፣ እኔ ደግሞ አእምሮዬ ባዶ ሆነ፣ ዝም አልኩ። አየር ላይ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለህ። በሩን ከፍቶ ገባና ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጣቱን ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀሰረልኝ፣ ሰዓቱን ተናገርኩ፣ ከዛ ጂንግሉን፣ የጣቢያውን አጭር መለያ ሙዚቃ፣ በእጁ አሳየኝ፣ እሱን ለቀቅኩ፣ ከዛ ራሴን አገኘሁ። ስወጣ ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ በስብሰባም አላነሳውም። እኔ መሪ የምለው ይሄንን ነው።

ማታ ፈረቃ፦

የከሰዓት ድምፅ እህቴ አንቺን አከብርሻለሁ የተናገርሽውም እውነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አንቺ ያየሽው ቀን ቀን ቢሮ ሲገባ ነው። እኛ የማታዎቹ የምናውቀው በቀይዋ መብራት ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ የማትጮህ ስልክ አለች፣ ቀይ መብራት ብቻ ነው የምታበራው፣ ቁጥሯን የሚያውቀው እሱ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ትበራለች። ሰውየው አይተኛም እንዴ ትላለህ። አንዴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ደውላ አንድ ዘፈን ለመነችኝና በዝርዝሩ ላይ የነበረውን አንድ ዘፈን በሱ ተካሁላት፣ ዘፈኑ ሳያልቅ መብራቷ በራች። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አመሸህ የለ፣ ሎጉ ላይ ያለው ምንድነው አለኝና ዘጋው፣ ሎግ የምንለው ዘፈኑና ማስታወቂያው በየተራው የተፃፈበት ዝርዝር ነው። ያን ሌሊት ቀሪውን ሰዓት እጄ በድምፅ ማስተካከያው ፌደር ላይ እየተንቀጠቀጠ ነው የሰራሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሳውም ነበር፣ ግን ሁሉም የማታ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፣ ያቺን መብራት እያየን ነበር ፕሮግራም የምንሰራው።

ዋናው ግን እሱ አይደለም። የሌሊቱን ቀጥታ ስርጭት አቁመው ቀድሞ በተቀዳ ድምፅና በኮምፒውተር ሲተኩት እኛ ያወቅነው የሳምንቱ ፈረቃ ሲለጠፍ ነው። ስማችን የለም። የፊርማው ቦታ ላይ የሱ ፊርማ ነበር። ያኔ አልጠራንም፣ ከዛም በኋላ አልደወለልንም። ለአንዲት ዘፈን ሌሊት የሚደውል ሰው ለዚህ መደወል እንዴት አቃተው? የጠዋት አቅራቢ፣ ለልጆችህ ማሰብህ ልክ ነው።

ኮንትሮል ክፍል፦

እኔ ከቴክኒክ በኩል ነኝ፣ ብዙ ኃላፊ መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ግን ሙያው የሚያስገድደውንና የሰውየውን ጠባይ እንለይ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚወሩ ነው ሰው የሚጣላው።

ፕሌይሊስት ማጥበብ እሱ ያመጣው ክፋት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦማሃ ላይ የሬድዮ ጣቢያ ባለቤት የነበረው ቶድ ስቶርዝ ሰው የወደዳቸውን ጥቂት ዘፈኖች ደጋግሞ ማጫወት ካሳየ ብዙ አስርት ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ዘፈን የሚመርጠው ባብዛኛው ዲጄው ራሱ ነበር። የሸክላ አሳታሚዎች ለዲጄዎች ጉቦ እየሰጡ ዘፈን እንደሚያስከፍቱ ታውቆ በ1959 እና በ1960 እ.ኤ.አ. ኮንግረሱ ጉዳዩን ሲመረምር አለን ፍሪድን የመሰለ ስመ ጥር ዲጄ ስራውን አጣ፣ ከዛ ወዲህ ብዙ ጣቢያ የመምረጡን ስልጣን ከዲጄው ወስዶ ለፕሮግራም ዳይሬክተሩ ሰጠ። ቢል ድሬክ የሚባል የፕሮግራም አማካሪ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ኬኤችጄ የሚባል ጣቢያ ላይ የአቅራቢውን ንግግር አሳጥሮ ጂንግሉን አሳጥሮ በወራት ውስጥ ጣቢያውን አንደኛ አደረገው። ያ ሰው ቤቱ ሆኖ በስልክ መስመር የሚመራቸውን ጣቢያዎች ያዳምጥ ነበር፣ ስለዚህ ቀይዋ መብራትም የቆየ ልማድ ናት። በኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. ሰሌክተር የሚባለው ሶፍትዌር መጣ፣ የትኛው ዘፈን ከየትኛው ቀጥሎ በስንት ሰዓት ይመለሳል የሚለውን የሚያሰላ፣ እና አንተ ሌሊት አንድ ዘፈን ስትቀይር የነገ ጠዋቱን ነው የምታዛባበት። ያቺ ነርስ የለመነችህ ዘፈን ጠዋት ተመልሳ የምትመጣ ከነበረች አድማጩ ሁለቴ ይሰማታል ማለት ነው። የደወለው በዚህ ይሆናል።

ማስታወቂያውን ከሩብ ሰዓቱ መግቢያ ላይ አንሱ ብሎ ያስጨነቀንም እንደዛው ነው። ብዙ ቦታ የአድማጭ ቆጠራ በሩብ ሰዓት ነው የሚሰራው፣ አድማጩ በዛ ሩብ ሰዓት ውስጥ የተወሰነ ደቂቃ፣ ለምሳሌ አምስት ደቂቃ፣ ከሰማ ሩቡን ሙሉ እንደሰማ ይቆጠርለታል። ስለዚህ አምስት ደቂቃውን ሳይሞላ ማስታወቂያ ከፍተህ ካባረርከው ሩቡ ሄደ። ቆጠራው በደብተር በነበረበት ጊዜ ደግሞ ሰው ያስታወሰውን ነው የሚፅፈው፣ ያኔ ኃላፊው ሁሉ የጣቢያውን ስም ደጋግሙ ነበር የሚለው። አሜሪካ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያና ሂውስተን ላይ ሰው ይዞት በሚዞር መሳሪያ መቁጠር ሲጀመር አቅራቢው ወሬ ሲያበዛ ሰው መቼ እንደሚሄድ በደቂቃ መታየት ጀመረ፣ ያኔ ደግሞ አሳጥሩ ሆነ። የቁጥሩ አቆጣጠር ሲቀየር የኃላፊው ትእዛዝ አብሮ ይቀየራል።

ይሄን ሁሉ የምለው ለሱ ጥብቅና ልቆም አይደለም። ለምን እንደደወለ ለማታ ፈረቃ ማስረዳት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አላስረዳውም። እሱ የጠባይ ጉዳይ ነው፣ ቢል ድሬክም ሶፍትዌሩም አያስገድዱትም።

የከሰዓት ድምፅ፦

ጋሼ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ማታ ፈረቃ ወንድሜ፣ የደረሰባችሁን ላሳንሰው አልፈልግም፣ ግን የሌሊቱን ፈረቃ የዘጉት ባለቤቶቹ ናቸው እኮ። በጀት ቆረጡ፣ እሱ ፈርም ተባለ ፈረመ። ባይፈርም እሱን አንስተው የሚፈርም ያመጡ ነበር።

ማታ ፈረቃ፦

እሺ ባለቤቶቹ ይሁኑ፣ ባለቤቶቹን እኔ አላውቃቸውም፣ በአካል አይቻቸውም አላውቅ። ግን ከመዘጋቱ ከሳምንታት በፊት መለያዎችን ቅዱልኝ ብሎን ነበር፣ የጣቢያውን ስም፣ ሰዓቱን፣ ደህና እደሩን፣ በየድምፃችን። አዲስ ፓኬጅ ነው ተባልን፣ ደስ ብሎን ደጋግመን ቀዳን። ከወጣን በኋላ ሌሊት ሬድዮ ስከፍት የራሴ ድምፅ ደህና እደሩ ይላል። ያኔ ነው የገባኝ ለምን እንደቀዳን። ባለቤቶቹ ስቱዲዮ ገብተው አላስቀዱንም፣ እሱ ነው ያስቀዳን፣ እያወቀ።

ፕሮዲዩሰር የነበርኩት፦

ዝም ልል ነበር ግን ይሄን የመለያውን ነገር ካነበብኩ በኋላ አልቻልኩም። እኔ የሱ ምክትል ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ሁለቱንም ጎን በቅርብ አይቻለሁ፣ ማታ ፈረቃ የተናገረው በትክክል የሆነ ነገር ነው። አዎ ያውቅ ነበር። እንንገራቸው ብዬው ነበር፣ ከላይ እስኪፈቀድ ጠብቂ አለኝ፣ ፈቃዱ ሳይመጣ ፈረቃው ተለጠፈ። ለኔ ይሄ ከሰራቸው ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው፣ የአድማጭ ቁጥርም የሰለጠኑ ልጆችም አይሸፍኑለትም።

በሌላ በኩል ያላያችሁትን ልንገራችሁ። የሽያጭ ክፍሉ ስፖንሰር የዜናውን ይዘት እንዲያይ ሲጠይቅ በሩን ዘግቶ ተከራክሮ ያስቀረው እሱ ነው። አንድ ጀማሪ ልጅ የማስታወቂያ ስፖት ሁለቴ ሳያስገባ ቀርቶ ደንበኛው ሲጮህ፣ ስህተቱ የኔ ክፍል ነው ብሎ ስብሰባ ላይ የልጁን ስም ሳያነሳ ጨረሰው። ልጁ እስከዛሬ አያውቅም። ከሱ ስር ከወጡት ውስጥ ዛሬ የራሳቸውን ቡድን የሚመሩ አሉ፣ እሱ ስልክ እየደወለ ያስቀጠራቸው።

እኔ እንደገባኝ አየር ላይ ላለ ስራ ምንም አይፈራም። ፊት ለፊት ተቀምጦ መጥፎ ዜና መንገር ግን ይፈራል፣ ሰው ሲያዝን ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ይሸሻል፣ ሽሽቱ ደግሞ ጭካኔ ሆኖ ይወጣል። የሚወደው ሰው ቀን ቀን ፊቱ ያለው ነው፣ የማያየውን ሰው ይረሳል። የማታ ሰዎች፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሰሩ፣ ሪፖርተሮች፣ እነዚህ ሁሌ ተጎጂ ነበሩ።

የጠዋት አቅራቢ ወንድሜ፣ ልጆችህ ማታና ሰንበት ላይ ከሆኑ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ኤርቼክ እንዲያደርግላቸው ከመጀመሪያው ሳምንት አስገባ፣ አንዴ ካወቃቸው ይቆምላቸዋል። በቃል እሺ ያለህን ነገር በዛው ቀን በኢሜይል ፅፈህ ላክለት፣ አይከፋውም፣ እንደውም ይወደዋል። ሎግ ላይ ለውጥ ማድረግ የሚፈቀደው መቼ እንደሆነ በፅሁፍ አስወጣው፣ ቀይ መብራት የሚያስፈልገው ህጉ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሲሆን ነው።

የጠዋት አቅራቢ፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ ሁላችሁንም። ማታ ፈረቃ ወንድሜ የደረሰብህ ያሳዝናል፣ እውነት ለመናገር የመለያው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከኛ ውስጥ ሁለቱ ጀማሪዎች ማታ ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ የፕሮዲዩሰሯን ምክር እንዳለ እወስደዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የማንም ድምፅ ከለቀቀ በኋላ አየር ላይ እንዲውል የራሱ ፈቃድ በፅሁፍ ይጠየቅ የሚል ሀሳብ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ለማኔጅመንት ላቀርብ ነው። ይቀበለዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ፕሮዲዩሰር የነበርኩት፦

አንተ ካቀረብከው ይቀበለዋል። ግን ማኔጅመንት ጋ አትጀምር፣ መጀመሪያ ለሱ ንገረው፣ ፊት ለፊት፣ ለምን እንደሆነም ሳትሸፋፍን ንገረው። መለያዎቹን ማን እንደቀዳቸው አይረሳም።

ማታ ፈረቃ፦

ከፈለግክ የኔን ጉዳይ እንደምሳሌ አንሳ፣ ፈቅጄልሃለሁ። ስሜንም ጥራለት።