ቼስ፦ በተከታታይ ስሸነፍ ጨዋታውን ከየት ልመርምር?

ሰላም የወሎ ልጆች። ከደሴ ነኝ፤ በስልክ ባለ 5 ደቂቃ ቼስ ነው የምጫወተው። ሰሞኑን ሬቲንጌ (የተጫዋችነት ደረጃ ነጥቤ) ቁልቁል ነው። በተለይ ጥቁር ይዤ የነጭ ንግሥት ኤች5 የሚባለው ካሬ ላይ ስትገባ አለቀልኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ስህተቴን የሚያሳይ የቀይ ምልክት መዓት ያወጣል፣ የቱን ልያዝ?

መልስ 1፦
ወንድምዓለም፣ ኮምፒውተሩን ለኋላ አቆየው። መጀመሪያ ለብቻህ ጨዋታውን ደግመህ እየው፤ የተጠራጠርህበትን ቦታ ጻፍ። ከዚያ የኮምፒውተሩ ግምት (ማን እንደሚበልጥ በነጥብ የሚያሳየው) በአንዴ ከ2 ነጥብ በላይ የዘለለበትን ብቻ መርምር። የ0.4 ልዩነት ለኛ ደረጃ ምንም አይደለም። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀዩ በፊት ባለው እርምጃ፣ ጠባቂውን ባነሳህበት ላይ ነው።

መልስ 2፦
ባለ 5 ደቂቃውን ተወው ባይ ነኝ። 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨምረውን ምረጥ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰዓቱ አይጠብቅህም፤ የኛን ኔትወርክ መቼም ታውቀዋለህ።

መልስ 3፦
ስለ ኤች5፦ ነጭ ቢሾፑን ሲ4 አድርጎ ያነጣጠረው ኤፍ7 ላይ ነው። መጀመሪያ ፈረስህ ሲ6 ሆኖ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደርህን መጠበቁን እይ፣ ከዚያ ወታደሩን ጂ6 ግፋ። ፈረሱ ሳይወጣ ከገፋህ ንግሥቷ ኢ5ን በልታ ንጉሥህን ትነካለች (ቼክ)፣ ቀጥላ ኤች8 ያለውን ግንብ ትወስዳለች። ፈረሱ ወጥቶ ከገፋህና ንግሥቷ ተገፍታ ኤፍ3 ከዞረች ግን ሌላውን ፈረስ ኤፍ6 አውጣ።