ክርክር፦ የፌሪ ቼዝ እንቆቅልሽ በተማሪዎች ውድድር ላይ ይሸለም?

ከፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለክረምቱ የጎንደር ተማሪዎች ቼዝ ውድድር ከተዋጣው የሽልማት ብር ግማሹ እንቆቅልሽ ለሚቀምሩ ልጆች ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያውም የተለመደው እንቆቅልሽ አይደለም። ፌሪ ቼዝ ነው፤ ሕጉን ወይም የጠጠሩን አካሄድ ቀይሮ የሚቀመር። እኔ ደጋፊ ነኝ። ለዚህ ሰዓት አያስፈልግ፣ ተጋጣሚ አያስፈልግ። ከከተማ ራቅ ብሎ ያለ ልጅ ደብተሩ ላይ ሠርቶ መላክ ይችላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ከአዘዞ፦
አልስማማም። ይሄ ሕግ ማበላሸት ነው። ልጆቻችን ገና ካስሊንግና አንፓሳን የሚባሉትን የቼዝ ልዩ ሕጎች በቅጡ አልለዩም። በዚህ ላይ ፌንጣ የሚባል ጠጠር ምናምን ብትጨምሩባቸው የያዙትንም ይጥሉታል። ሬቲንግ (የተጫዋች ደረጃ ነጥብ) የሚገኘው ደግሞ ተጫውቶ ነው። የወላጅ ብር መሞከሪያ አይሁን።

ከማራኪ (የሂሳብ አስተማሪ)፦
ወንድሜ፣ «ምናምን» ያልከው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፌንጣን ያመጣው ቶማስ ዶውሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ በ1913 እ.ኤ.አ.። የሬቲንጉ ነገር ልክ ነህ። ግን ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ለእንቆቅልሽ ቀማሪዎችም የግራንድማስተር ማዕረግ ይሰጣል፣ ከ1972 ጀምሮ። የተመረጡት ሥራዎች በሚታተሙበት የፊዴ አልበም ውስጥም ፌሪ የራሱ ክፍል አለው።

ወሬ ከማብዛት አንድ ላሳያችሁ። ፌንጣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብሎና በሰያፍ ይሄዳል። ነገር ግን ባዶ መንገድ አይሆንለትም። መንገዱ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ጠጠር መዝለል አለበት፣ ከዚያም ልክ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቤት ላይ ያርፋል። ሌላ አካሄድ የለውም። አሁን ሰሌዳ ዘርጉ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚናገረው)። ነጭ፦ ንጉሥ ሲ7፣ ወታደር ቢ5፣ ፌንጣ ኤፍ1። ጥቁር፦ ንጉሥ ኤ8፣ ወታደር ኤ7። ነጭ ይጫወትና በአንድ እርምጃ ማት ያድርግ፤ የጥቁሩ ንጉሥ ማምለጫ እንዳይኖረው።

ከአራዳ፦
ኤፍ1 ያለው ፌንጣ በሰያፍ ሄዶ ቢ5 ያለውን የራሱን ወታደር ይዘልና ኤ6 ያርፋል። ከዚያ ኤ7ን ዘሎ ንጉሡን ያስፈራራል ማለት ነው? ታዲያ ጥቁሩ ወታደር ለምን አይነሳም?

ከማራኪ፦
ወዴት ይነሳል? ፊቱ ያለው ቤት ላይ ፌንጣው ራሱ ተቀምጧል። በሰያፍ የሚበላውም የለም። ቢ7ንና ቢ8ን የነጩ ንጉሥ ይዟቸዋል። አለቀ፣ ማት። አሁን ኤ7 ላይ በወታደሩ ፈንታ ጥቁር ፈረስ አስቀምጡና እንደገና ሞክሩት።

ከአራዳ፦
ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት! ፈረሱ ወደ ፈለገበት ሲነሳ ቼኩም (ንጉሡን ማስፈራራቱም) አብሮት ይጠፋል። ፌንጣው የሚዘለው የለውማ። ንጉሡ ሳይነቃነቅ ዳነ።

ከማራኪ፦
አያችሁ? አንድ ጠጠር ቀይረን መልሱ ሁሉ ተገለበጠ። ልጁ እዚህ ላይ ነው ማሰብ የሚጀምረው። የተለመደውን ማት በቃል ይዞት ይሆናል፣ ይህን ግን ማንም አላስጠናውም።

ከቅዳሜ ገበያ (ሽማግሌው)፦
ልጆቼ፣ ስለ ፈረንጁ ፌንጣ ስትነጋገሩ የራሳችሁን፣ የአገራችሁን የጥንት ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ረሳችሁት። በሰንጠረዥ ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። ሰሌዳው ዥንጉርጉር አይደለም፣ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ። ከሁሉም ወረራው! የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፣ ሁለቱም እጃቸው እንደፈጠነ ይጫወታሉ። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን አይቶ ጽፎታል። ሰውየው በ1860 እ.ኤ.አ. የሞተው እዚሁ ጎንደር ነው። ማቱም ቢሆን በደር (በግንቡ) ወይም በፈረስ ከሆነ አይወደስም። በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ (በወታደር) ሲሆን ነው ሰው የሚያደንቀው።

ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ዛሬ ቀማሪዎቹ ፈርዝን ከፌሪ ጠጠሮች ይቆጥሩታል። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን በንግሥቷ ቦታ የነበረው ደንበኛው አካሄድ እሱ ነበር። ንግሥቷ አሁን እንደምናውቃት ሰሌዳውን ሙሉ መጋለብ የጀመረችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ «ሕግ ተበላሸ» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም።

ከአዘዞ፦
ጋሼ ያሉትን አከብራለሁ። ግን ወረራን እንዴት አድርጋችሁ ነው እንቆቅልሽ የምታደርጉት? እንቆቅልሽ እኮ «ነጭ ይጀምርና በሁለት እርምጃ ማት ያድርግ» ነው የሚለው። ተራ ከሌለ መልሱ አንድ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ከማራኪ፦
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ። ወረራው እንዳለ አይቀመርም። የሚቀርበው ሌላ ዓይነት ግን አለ፤ አንዱ ወገን ብቻ ተከታትሎ የሚጫወትበት። ጥቁር ቆሞ ያያል፣ ነጭ አምስት ጊዜ ወይም ስድስት ጊዜ ተንቀሳቅሶ መጨረሻው ላይ ማት ያደርጋል። ቅደም ተከተሉ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለት መንገድ ከተገኘ ሥራው ተበላሸ፣ ይጣላል። እዚህ ላይ ምሕረት የለም።

ከአዘዞ፦
ማን ያጣራዋል? አንተ ብቻህን?

ከማራኪ፦
ፖፓይ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፌንጣውንም፣ ተከታትሎ መጫወቱንም፣ የተበላ ጠጠር መነሻ ቤቱ ላይ ተመልሶ የሚወለድበትን ሰርስ የሚባለውንም ሕግ ያውቃል። መልሱ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም ያወጣዋል። ውበቱን ግን ሰው ይዳኘው።

ከአራዳ፦
እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ አዲስ ሕግ ለመፍጠር ሲሽቀዳደሙ አሥር ሕግ ያለው እንቆቅልሽ ይልኩልናል። ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? አንድ ጠጠር ወይም አንድ ሕግ ብቻ ይቀየር እንበላቸው።

ከፒያሳ፦
ተቀብያለሁ። አንድ ለውጥ ብቻ፣ ሕጉም ከሁለት መስመር ባልበለጠ ይጻፍ። ሕጉ በሁለት መስመር ካልተነገረ ለፈቺውም አይሆንም።

ከቅዳሜ ገበያ (ሽማግሌው)፦
ፊልና ፈርዝ ያለበት አንድ እንኳ ካልመጣ እኔ አልመጣም፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ከአዘዞ፦
እሺ፣ ግማሹ ብር ግን በዛ። ሩቡ ይሁን። የቀረው ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው ለሚጫወቱት ልጆች ይቅር፤ እነሱም ቀኑን ሙሉ ነው የሚለፉት። ሩብ ከሆነ ዝም እላለሁ። የውበቱም ዳኛ አንድ ሰው እንዳይሆን፣ ቢያንስ አንዱ ከአዘዞ ይምጣ።