የጆጆባ ሰም ስሌት አልገጥም አለኝ፤ ባዮኬሚስትሪ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ለሴሚናር የያዝኩት ጆጆባ የሚባለውን የበረሃ ቁጥቋጦ ዘር ነው። እንደ ሱፍና ኑግ ተራ ዘይት አያከማችም፤ ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ፈሳሽ ሰም ነው። መንገዱ ገብቶኛል፦ 18 ካርበን ያለው ኦሌኦይል-ኮኤ (አሲል-ኮኤ ከሚባሉት፣ ማለትም ኮኤ ከሚባል ተሸካሚ ሞለኪውል ጋር ከተያያዙ የስብ አሲዶች አንዱ) ወደ 20 እና 22 ይረዝማል፤ ፋቲ አሲል-ኮኤ ሪዳክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፊሉን ወደ አልኮል ይቀይራል፤ ዋክስ ሲንቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ አልኮሉን ከሌላ አሲል-ኮኤ ጋር ያጣምረውና ኮኤው ይለቀቃል።

የተያዝኩት ሒሳቡ ላይ ነው። ባለ 22 ካርበን አልኮልና ባለ 20 ካርበን አሲድ ያለው አንድ የሰም ሞለኪውል እንውሰድ። ሁለት ካርበን በተጨመረ ቁጥር 2 ኤንኤዲፒኤች (ኤሌክትሮን የሚሰጥ ሞለኪውል) ይፈጃል፤ በድምሩ ሦስት ዙር ስለሆነ 6። የሪዳክቴዙ 2 ሲደመር 8 ይመጣል። የተሰጠን ማስታወሻ ግን 7 ይላል! ሪዳክቴዙን በ1 ቆጥሮት ይሆን? አሲል-ኮኤ አልኮል ለመሆን አራት ኤሌክትሮን ይፈልጋል፤ አንድ ኤንኤዲፒኤች የሚሰጠው ሁለት ብቻ ነው። 7 ከየት መጣ?

ሌላም አለ። አሲኔቶባክተር በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ አንዱ ኢንዛይም አልዲሃይድ (በአሲል-ኮኤና በአልኮል መካከል ያለውን ውህድ) ይሠራል፣ ሌላው ተቀብሎ አልኮል ያደርገዋል። የጆጆባው ግን ሁለቱንም ብቻውን ይጨርሳል። ታዲያ ሥዕሉ ላይ አልዲሃይዱን ራሱን የቻለ ውጤት አድርጌ ላስቀምጠው ወይስ በቅንፍ ልተወው? መምህራችን በሥዕል ቀልድ አያውቁም። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ከነምክንያቱ ይንገረኝ።